የየሲን ብሎግና የጋሽ ግደይ ጆሮ

ይህን ማንም አያምነኝም፤ ቢሆንም አንዲት ፊደል ያልተጨመረበት እውነት ነው። ከዋሸሁ ጊዮርጊስ በደጁ ሳልፍ ያደናቅፈኝ።

የሲን ከቴክኒክና ሙያ በዲፕሎማ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሲቪውን ያላስገባበት ቢሮ ካለ ገና ያልተሠራ ነው። ቀኑን የሚገፋው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ጋሽ ግደይ ሱቅ ቁጭ ብሎ ካቻቪቴና ፒንሳ በማቀበል ነበር። ጋሽ ግደይ የማኪያቶ ማሽን ጠጋኝ ናቸው። ከፈረሰውም ካልፈረሰውም ፒያሳ እሳቸው ያልፈቱት ማሽን የለም። አንዱንማ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ፈተው፣ በጨለማ ገጥመው፣ አንድ ብሎን አልተረፋቸውም።

«ሲቪ ማን ያነባል?» አለችው ማክዳ፣ ሞባይል ሱቅ የምትሠራ የሰፈሩ ልጅ። «ብሎግ ክፈት። የምትችለውን ጻፍ፤ ቀጣሪ ራሱ ፈልጎህ ይመጣል።»

«የምችለው ምን አለና?»

«ፋራ አትሁን። እዛ ሱቅ አፍጥጠህ የምትውለው ምን ልታይ ነው?»

ጻፈ። ጋሽ ግደይ የሠሩትን አንድ በአንድ ጻፈ። የቀየረው አንዲት ነገር ናት፤ «ጋሽ ግደይ» በሚለው ቦታ «እኔ» አለ። መጀመሪያ ላይ «እኔ»ን ጽፎ መልሶ ይሰርዛት ነበር። በአምስተኛው ጽሑፍ ለመደው።

ከሁሉ የተነበበለት የጆሮው ነው። ጋሽ ግደይ ማሽን ሲመጣላቸው ዓይናቸውን ከድነው፣ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ይቆያሉ። የሲን ይህን «ማሽን ለሚያዳምጠው ይናገራል፤ እኔ በጆሮዬ ብቻ የትኛው ቫልቭ እንደታመመ አውቃለሁ» ብሎ ጻፈው። ሰው ተቀባበለው። አንድ የድሬዳዋ ባለካፌ ስልኩን ማሽኑ አፍ ላይ ደቅኖ ምርመራ ጠየቀው።

በሦስተኛው ወር ከጊዮርጊስ ከፍ ብሎ ካለ ሆቴል ተደወለ። ቋሚ ቴክኒሻን ይፈልጋሉ። የሲን የወንድሙን ኮት ተውሶ ሄደ።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሰርክአዲስ በቀጥታ ወደ ባንኮኒው ወሰዱት። እዚያ፣ ማሽኑ አጠገብ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ጋሽ ግደይ ተቀምጠዋል።

«ማሽናችንን ሃያ ዓመት የያዙልን እሳቸው ናቸው» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ። «ደከመኝ፣ ሰው ፈልጉ ስላሉን እሳቸው ይፈትኑህ ብለን ነው።» ስልካቸውን አወጡና የጆሮውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ።

«ጮክ ይበሉልኝ» አሉ ጋሽ ግደይ።

ጮክ ብለው አነበቡት፤ ከላይ እስከ ታች። አስተናጋጆቹም ቆመው ሰሙ። «እኔ» በተባለ ቁጥር ኮቱ የሲን ላይ አንድ ቁጥር ይሰፋል። ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ የጋሽ ግደይን ጫማ ብቻ ነበር የሚያየው። ለዚህ ቀን ብለው አስጠርገውታል።

«ጎበዝ ነው» አሉ ጋሽ ግደይ በመጨረሻ። «እስቲ ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄንን አዳምጥና በሽታውን ንገረን።»

የሲን ጆሮውን ለጠፈ። ማሽኑ ግሏል። ችሎ ቆየ፤ የሰማው ግን የገዛ ልቡን ብቻ ነው።

«ቫልቩ... ቫልቩ ይመስለኛል።»

ጋሽ ግደይ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ያንሾካሾኩ መስሏቸዋል እንጂ ሆቴሉ በሙሉ ነው የሰማቸው። «ማሽኑ ደህና ነው። እኔ የምለጠፈው ስለማልሰማ ነው፤ ጆሮዬ ከከዳኝ አምስት ዓመቴ። ንዝረቱን በአጥንቴ ነው የማውቀው። ሥራ እንዳይቀርብኝ ለማንም አልተናገርኩም።» ብለው ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ወይዘሮ ሰርክአዲስ» አለ የሲን፣ «ጽሑፉ የኔ ነው። ሥራው በሙሉ የሳቸው ነው። እኔ ካቻቪቴ አቀባይ ነኝ።»

ሴትየዋ ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እንደውልልሃለን» አሉት። እንደማይደውሉ ሁለቱም ያውቃሉ።

ያን ቀን ማክዳ ሱቅ ተቀምጦ «እኔ» ያለበትን ሁሉ እየነቀለ «ጋሽ ግደይ» ተከለበት። የጆሮውን ጽሑፍ ግን ጨርሶ አጠፋው።

«አበድክ? ሰው የሚያነብልህ እኮ እሱን ነው» አለችው።

«ለዚያ ነው ያጠፋሁት።»

እንግዲህ ሁሉም እንዳልኳችሁ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ፤ ጋሽ ግደይ ሳቁ ያልኩትን። አልሳቁም። ማሽኑን በጨርቅ ወለወሉ፣ ዕቃቸውን ሰበሰቡ፣ ወጡ። የሲን እስከ ዛሬ በድልድዩ በኩል አያልፍም።