ከጸበሉ ጎን

የባሌን ሱሪ ሳጥብ ኪሱን መፈተሽ ከተውኩ ሰነበትኩ። ባሌ ጥላዬ አናጢ ነው፤ የጉና ልጅ፣ ገብስ ቆሎ ሳይዝ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር። እንጨት ሲልግ ይቆረጥማል፣ ሰው ሲያነጋግር ይቆረጥማል። ጎኔ ተቀምጦ ኩርሽም ኩርሽም ሲያደርግ ያናድደኝ ነበር። አሁን የሚናፍቀኝ ያ ድምፅ ነው። ለሰው ብናገረው ይስቅብኛል፣ እኔ ግን እንዲህ የናፈቀኝ ነገር የለም።

ነገሩ የጀመረውም በዚያው ቆሎ ነው። ደብረ ታቦር የተከራየነው ቤት የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ አለው። ልብሱን እዚያው ሳጥብ ከኪሱ የሚረግፈው ገብስ ከዘይትና ከሳሙና ጋር ተጋግሮ መውረጃውን ደፈነው። ሽቦ ሰደድንበት፣ የፈላ ውሃ ደፋንበት፣ እምቢ አለ። «ቧንቧውን የደፈነው ያንተ ጥርስ ነው» ስለው እየሳቀ ወጣና ከገበያ የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ገዝቶ መጣ። ሻጩ ከጀሪካን ወደ ውሃ ፕላስቲክ ገልብጦ ነው የሰጠው። ስም የለው፣ ምልክት የለው፣ መልኩም ውሃ። ግማሹን ስንደፋው ጭሱ ዓይናችንን አቃጥሎ ከቤት አስወጣን። ቧንቧው ግን ተከፈተ።

ግማሹ ተረፈ። ልጃችን እመቤት ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የማትወጣበት ወንበር፣ የማትከፍተው ቁም ሣጥን የለም። ስለዚህ ጥላዬ እጇ የማይደርስበት ቦታ ፈለገ። በቤታችን ከሁሉ ከፍ ያለው ሥዕለ አድኅኖው ያለበት መደርደሪያ ነው። ከአባቱ ደብር የሚያመጣው ጸበልም እዚያው፣ እንደዚያው ባለ የውሃ ፕላስቲክ ይቀመጣል። ኬሚካሉን ከጸበሉ ጎን አቆመው። ለልጁ ብሎ ነው ያደረገው። «ምን ነክቶት ነው?» የሚሉኝን ሰዎች ዛሬም አልወዳቸውም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ማለዳ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ እንደ ልማዱ እህል ሳይቀምስ ጸበል ሊጠጣ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። አማተበና ተጎነጨ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዋጠው። ፕላስቲኩ ሲወድቅ ሰምቼ ስደርስ አፉን ይዞ ተንበርክኳል። ጎረቤታችን ጋሽ ባዩ ሮጠው መጡና «ቶሎ ያስመልሰው» ብለው የጨው ውሃ ግተው አስመለሱት። በቅን ልብ ነው። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረን ግን ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ እንደገና አቃጠለው። አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ሳያስመልሰው፣ ፕላስቲኩን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነበር። ይህን ከመካከላችን ማን ያውቅ ነበር?

ተረፈልኝ። ጉሮሮው ግን ሲድን ጠባሳው አጠበበው። ባሕር ዳር ሲመላለስ ሐኪሞቹ በቱቦ ያሰፉለታል፤ መልሶ ይጠባል። ኑሮው ወተትና የተጠለለ አጥሚት ሆነ። እኛ ስንበላ ኩባያውን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እኔም ሽታው እንዳይደርሰው ብዬ ቆሎ መቁላት ተውኩ። አንድ ቀን፣ «ማስተዋል፣ ለእኔ ብለሽ የተውሽው ከሆነ ቁዪ» አለኝ። «መብላቱ ቀረብኝ፤ ሽታውን እንኳ አትንሺኝ።»

ሁዳዴ ሲገባ ሐኪሙ ለፋሲካ ለስለስ ያለ ነገር ይሞክር አለ። ሁዳዴን ሙሉ ያንን ቀን ስጠብቅ ከረምኩ። አንድ ጉርሻ ብቻ፣ ሌላ አልለመንኩም። ቀኑ ደርሶ ገበታው ሲቀርብ እንጀራውን በዶሮው መረቅ አራስኩ፣ ሥጋውን እንደ ክር አደቀቅኩና የጣት ጫፍ የምታህል ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኩት። ዓይኔን ከጉሮሮው አልነቀልኩም። አላመጠ፣ ቆየ፣ ዋጠ። ደረቱ ላይ ቆመችበት። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲያስላትና ሲተፋት ሰማሁ።

«አባዬ አልጣመውም?» አለችኝ እመቤት።

ተመልሶ ገባ፣ እጁን ታጠበና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ እንደለመደው ከአፍ የሚተርፍ ጉርሻ ጠቀለለ።

«በይ፣ አንቺ ብዪልኝ።»

አፌን ሞላው። ሳላምጥ እሱ ደግሞ የእኔን ጉሮሮ ያያል። እንዲያ እያየኝ ዋጥኩት።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጨው በዝቶበታል።»

በትዳር ዘመናችን የሠራሁትን ወጥ ሳማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ጥላዬ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ሲስቅ አየሁት።

«ዋሽተሻል» አለና ሌላ ሊጠቀልልልኝ እጁን ወደ ትሪው መለሰ።