በድድ ውስጥ ያለ ደወል

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። አራስ ያላችሁም ልጃችሁን ታቅፋችሁ ኑ፤ ነገሩ ስለ ልጅ አፍ ነው። ደም አለበት፤ የከበደው ሰው እጄን ይያዝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሬሳ በየመንገዱ የሚያድርበት ክፉ ዓመት። መንበሩ አዲስ አበባ የጥርስ ሕክምና ይማር ነበር። ትምህርቱ ሲቋረጥ እኅቱን ንግሥቴን ሊጠይቅ ከማንኩሳ ወረድ ብላ ወዳለች መንደር መጣ። ንግሥቴ ሁለት ልጅ ቀብራለች። ሦስተኛዋ ያይኔአበባ የአራት ወር ልጅ ናት፤ ተቅማጥና ትኩሳት ይዟት ዓይኗ ጎድጉዷል።

ከደጅ ሳለ የሕፃኗ ጩኸት ተቀበለው። አባቷ ቸኮለ ሚሊሺያ ነው፤ ጠመንጃውን እንዳነገተ እግሯን ይዟል። ንግሥቴ የልጇን ራስ ደግፋ የራሷን ፊት ወደ ግድግዳ አዙራለች። እማማ አደይ፣ ግግ በማውጣት አገር የሚያውቃቸው፣ ወስፌያቸውን ከሕፃኗ አፍ መዘዙ። ጫፉ ላይ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ነጭ፣ ለስላሳ ነገር ተሰክታለች። ግራዋ ቅጠል ላይ አኖሯት።

«ይኸውላችሁ ትሉ!» አሉ። «የቀኙ ወጣ። የግራው ይቀራል።»

በዚያ አገር ሕፃን ሲያስቀምጠው የታች ድዱን ይዳብሱታል። ነጣ ብሎ ያበጠ ካገኙ ግግ ነው፣ ልጁን የሚጨርሰው ይኸ ትል ነው ብለው በወስፌ ይፈለቅቁታል።

መንበሩ ጠጋ ብሎ አየ። ያቺን ነጭ ነገር ያውቃታል። ከሽንኩርት ልባስ የሳሳ ቁራጭ ሆና፣ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ተነክራ፣ መስታወት ላይ ተለጥፋ ትምህርት ቤት በማይክሮስኮፕ ሲያያት ነው የከረመው።

«እማማ አደይ፣ ይተዉ! ትል አይደለም፣ ጥርስ ነው!»

ቸኮለ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። «የአራት ወር ልጅ ጥርስ! ለዚህ ነው ሸዋ ድረስ የላክንህ?»

«ጥርስ የሚጀምረው ማኅፀን ውስጥ ነው። እናትየዋ መፀነሷን በወጉ ሳታውቅ፣ የልጁ የአፍ ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። መጀመሪያ እንደ እንቡጥ፣ ቀጥሎ እንደ ቆብ፣ ኋላ እንደ ደወል ይሆናል። ጥርሱ የሚሠራው በደወሉ ውስጥ ነው። የሚለሰልሰው ገና ስላልጠነከረ ነው።»

«ቆብና ደወል?» አሉ አደይ ወስፌያቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «ድዷ ውስጥ ገዳም አለ በለኛ! ዘወር በል ልጄ፣ ልጅቱ ልትሄድብን ነው።»

ዘወር አላለም። ተንበርክኮ መዳፉን ከሕፃኗ አፍ ፊት ጋረደ።

«ሁለት ቀብሬአለሁ» አለ ቸኮለ። «ግጋቸውን ሳናስወጣ ዘግይተን ነው የሞቱት። ዛሬ አልዘገይም። እጅህን አንሣ!»

«አላነሣም።»

«አናርኪስት ነው ብዬ ለቀበሌ ብሰጥህስ?»

«ስጠኝ። የግራውን ግን አትነኩባትም።»

የጠመንጃው ሰደፍ አፉ ላይ አረፈ። የፊት ጥርሶቹ ከደሙ ጋር ረገፉ፤ ከንፈሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። እጁ ግን ከቦታው አልተነሣም። ሁለተኛው ምት ጎድኑን ሰበረው። «ያውጡት!» ብሎ ጮኸ ቸኮለ። አደይም በድንጋጤ ይሁን በእልህ ወስፌውን ሰደዱት፤ የመንበሩን መዳፍ በስቶ በወዲያ ብቅ አለ። ንግሥቴ ሕፃኗን መደቡ ላይ ጥላ ከጠመንጃው ላይ ተንጠለጠለች።

«ወንድሜን ገደልከው! ልቀቅ!»

ሲጓተቱ ጠመንጃው ጮኸ።

ጭሱ ሲገለጥ ሁሉም ወደ ሕፃኗ ሮጡ። ደኅና ናት፤ ታለቅሳለች። ጥግ ላይ የታሰረችው፣ ልትወልድ የደረሰችው ፍየል ግን ደረቷ ተበስቶ ትንፈራገጣለች።

መንበሩ ደም እየተፋ ወደ ፍየሏ ዳኸ። ወስፌውን ከመዳፉ ነቅሎ ጣለ። «ካራ» አለ። የሰጠው ባይኖር ራሱ ከግድግዳው መዘዘ። ፍየሏን ከጣሯ ገላገላት፣ ሆዷን ሰንጥቆ ግልገሉን ጎትቶ አወጣው። ሞቷል፤ ገላው ግን ገና ይሞቃል። የታች ድዱን በካራው ጫፍ ሰነጠቀና ጫን አለው። ነጭ፣ ለስላሳ ፍሬ ብቅ አለች። ግራዋው ቅጠል ላይ፣ ከያይኔአበባ ድድ ከወጣችው ጎን አኖራት።

«እማማ» አለ በተሰበረ አፉ፣ ቃሉ እየተኮላተፈ። «ይኸ ግልገል ወተት ቀምሷል? አስቀምጦታል? ታዲያ ትሉ በየት ገባበት?»

አደይ ጎንበስ ብለው አዩ። የግልገሉን ድድ በጣታቸው ዳበሱ፤ ልክ የሕፃን ድድ እንደሚዳብሱት። ከዚያ ወስፌውን ከደሙ ውስጥ አንሥተው እምድጃው ረመጥ ውስጥ ቀበሩት።

«እኔስ ትቻለሁ» አሉ። «ልጅቱን በምን ታተርፋታለህ?»

«የሚጨርሳት ትል ሳይሆን ከገላዋ የሚያልቀው ውሃ ነው። ውሃ አፍልታችሁ አብርዱ። ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው፣ ስኳርም ጨምሩበት። ጡትም አትንፈጓት።»

ቸኮለ ጠመንጃውን ደጅ አቁሞ ተመለሰ። «ከሞተች ካጠገቧ ነው የምቀብርህ።»

«እሺ» አለ መንበሩ።

ቀኑን ሙሉ በማንኪያ ጫፍ ጠብ አደረጉላት። መንበሩ የቆሰለ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በደኅናው ያጠጣል፤ ቸኮለ ጽዋውን ይዟል። ትተፋዋለች፣ ይደግሙላታል። ስትዝል ንግሥቴ ጡቷን ትሰጣታለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሕፃኗ አባቷ ጭን ላይ ሸናች።

«ሸናችብኝ!» አለ ቸኮለ ብድግ ብሎ። «አንተ፣ ሸናችብኝ እኮ!»

መንበሩ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ደማ። «እንግዲያ ውሃው ገብቷታል። ተርፋለች።»

ቸኮለ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም። ሲነጋ ግን አማቹን በጀርባው አዝሎ ቡሬ ክሊኒክ ድረስ ወሰደው፤ ዳገቱን ሁሉ አንድም ጊዜ ሳያወርደው።

ያይኔአበባ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስትስቅ የግራ ክራንቻዋ ይታያል፤ በቀኝ ባዶ ነው። በዚያች ባዶ የወተቱም ሆነ የኋለኛው ጥርስ አልመጣም፤ ደወሉ ቀድሞ ተነቅሏላ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሕፃናችሁ ድድ ነጣ ብሎ ያያችሁት ዕለት፣ እጃችሁ ወደ ወስፌ ሳይሄድ፣ እባካችሁ የመንበሩን መዳፍ አስታውሱልኝ።