የዓርብ ጠዋት መርዶ

ወይዘሮ አትጠገብ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞቱ፤ ሰኞ ተቀበሩ። ከገሳይ ከፍ ብሎ ባለው በዚያ መንደር ሰው ሲሞት ድሮ ወሬውን የሚያደርሰው ጡሩንባ ነፊው ነበር። ዛሬ ጡሩንባ ነፊው ከንፈሩን ሳይጠርግ ወሬው ባሕር ተሻግሮ ሪያድ ገብቷል። ብርነሽ ይህን አሳምራ ስለምታውቅ፣ በእናቷ አስከሬን ላይ ተደፍታ ማልቀስ ሲገባት፣ ከለቀስተኛ ወደ ለቀስተኛ እየዞረች ሰው ትለምን ነበር።

«በእናትሽ ፎቶ እንዳትለጥፊ። ሰብለ አልሰማችም። በእናታችሁ!»

ሰብለወንጌል ታናሽ እህቷ ናት፤ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች።

የአክስታቸው ልጅ ማሩ ግን ስልኩን ከሰው ራስ በላይ አንሥቶ፣ ሰርግ ይመስል፣ ሬሳው ከቤት ሲወጣ ይቀርጻል። «ለማስታወሻ እኮ ነው» አላት። ማስታወሻ! እናቷን ለማስታወስ የማሩ ቲክቶክ የሚያስፈልጋት ይመስል። ብርነሽ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና ቀብሩ እስኪያልቅ አልመልስም አለች። ሰው ምን ይለኛል ማለት እዚያ ላይ ቀረ። አንዳንዱም «ሐዘንተኛ ናት ወይስ ፖሊስ?» ብሎ አማት።

እንዲህ ያደረጋት ነገር ነበር። የአባቷን ሞት የሰማችው ኩዌት ሆና፣ ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ማንም አልነገራትም። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ እንዳትሰማ» ብሎ ተማምሎ ነበር። ተማምሎ ሲያበቃ ግን የአባቷን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ለዓለም ሕዝብ ለጠፈው። እሷ አንድ እጇ ካውያው ላይ፣ በሌላው ስልኳን ስትነካካ፣ የአባቷ ፊት መጣ። ከሥሩ የአገሯ ልጆች የሚያለቅስ ምስል ደርድረዋል። ጮኸች። እመቤቲቱ ሮጣ መጥታ ምን እንደ ሆነች ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። «አይዞሽ» ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻትና ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ብርነሽ የቀሩትን ሸሚዞች ተኩሳ ጨረሰች። ምን ታድርግ? የሚያቅፋት ሰው እንኳ አልነበረም። እስከ ዛሬ ካውያ የገባበት ጨርቅ ሲሸታት ቤቱን ጥላ ትወጣለች።

«እህቴ ላይ ግን እኔ እያለሁ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም» ብላ ለራሷ ማለች።

በእነሱ አገር መርዶ በዋዛ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ፣ መርዶ የሚነገረው ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። የንስሐ አባት አብረው ይመጣሉ። ከኋላ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይጠብቃሉ፤ ራሱን መሬት ላይ የሚጥለውን የሚይዙ ጠንካሮችም ይመረጣሉ። አንደበት ያለው አንድ ሰው ነገሩን ከሩቅ አምጥቶ፣ ዞር ዞር አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ ስሙን ይጠራል። ከዚያ በኋላ ሐዘንተኛው የሚይዘው እጅ ይበዛለታል። ያገሩ ሰው ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰልፎ ካየ፣ የቀረው የማን ስም እንደሚጠራ ማወቅ ብቻ ነው።

በዚያ መንደር አንደበት ያላቸው ሰው የሟች ወንድም አያ ሙላቴ ናቸው። ስንቱን ቤት በእርጋታ አስለቅሰዋል። ብርነሽ ያሰበችውን ስትነግራቸው ግን ተቆጡ።

«ሰው በስልክ መስታወት መርዶ ይነገረዋል እንዴ? ብትወድቅ በምን እጄ ነው የምይዛት?»

«የምትይዛት ሰው አለች፣ አያ። ዘምዘም ትቀድማለች። ገብታ አጠገቧ ትቀመጣለች። ከዚያ በሰብለ ስልክ ትደውልልናለች፤ እርስዎ ይነግሯታል።»

ዘምዘም የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ኩዌት ከብርነሽ ጋር ጎን ለጎን ባሉ ቤቶች ተቀጥረው ሠርተዋል። ኋላ ብርነሽ ተመልሳ ደብረ ታቦር የስልክ ሽፋንና ቻርጀር መሸጫ ስትከፍት፣ ዘምዘም ወደ ሪያድ አለፈች። አሁን በአሠሪ ቤት ሳታድር እየተመላለሰች ስለምትሠራ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት አላት። የዓርብ ጠዋት ደግሞ የሰብለወንጌል አሠሪዎች አርፍደው ስለሚነሡ ቤቱ ጸጥ ይላል።

አያ ሙላቴ አገጫቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። «የኢብራሂም ልጅ አይደለች? ያ ነጋዴው? የጨዋ ልጅ ናት። ይሁን» አሉ።

ስለዚህ እስከ ዓርብ መዋሸት ነበረባት። ብርነሽ ሰብለወንጌል በደወለች ቁጥር ጥቁሩን ልብስ ታወልቃለች፤ የተሸለተ ጠጉሯን በቀይ ሻሽ ትሸፍናለች፤ የልቅሶው ድምፅ እንዳይሰማ ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ትቆማለች። ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠብና ትስቃለች። እንዲህ ዓይነቱን ሳቅ እግዜር ለማንም አያሳይ።

«እማዬስ?» አለች ሰብለወንጌል ማክሰኞ ዕለት።

«ጣራ ገዳም ጠበል ገብታለች። ወገቧን እያመማት አይደል።»

«ስልክ አልያዘችም?»

«እዚያ ኔትወርክ የት አለ ብለሽ!»

«ማን አለሽ? ባለፈው አንዱ ከገዳሙ ጫካ ውስጥ ላይቭ ገብቶ አይቼዋለሁ። ከእኛ ቤት ይልቅ ጥርት ይላል» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ብርነሽ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «ሱባኤ የገባ ሰው ስልክ አይነካም» አለች።

«እሺ፣ ስትወጣ አሳዪኝ። ፊቷ ናፍቆኛል።»

ያ ሁሉ ደስታ ለዚህ ነበር ማለት ነው! የኔትወርኩ ማማ ከመተከሉ በፊት ወይዘሮ አትጠገብ የልጃቸውን ድምፅ ለመስማት ጋራው ጫፍ ይወጡ ነበር፤ ነፋሱ ግማሹን ቃል ይወስደዋል። ዳታ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜም ምስሏን ሳያዩ ወራት አለፉ። ማማው ተተክሎ፣ ኢንተርኔቱ ተለቆ፣ የልጃቸው ፊት ጓዳቸው ድረስ ሲመጣ እልል ብለዋል፤ ስክሪኑንም ስመዋል። ብርነሽም እልል ብላ ነበር። ገበያዋ ደራ፤ በየጎጡ የስልክ ሽፋን የማይገዛ ጠፋ። አሁን ግን ያን ማማ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ድሮ ሰው ሲዋሽ የመንገዱ ርቀት ያግዘው ነበር።

ማሩ ቪዲዮውን አልለጠፈም፤ ስልኩን ሲቀበል በመድኃኔዓለም አስምላዋለች። ሌላውም ሰው፣ እንደ ፈራችው ሳይሆን፣ ቃሉን ጠበቀ። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ሁሉ ስልክ መካከል አንድ ፎቶ አልወጣም። ብርነሽ ሐሙስ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ ሙላቴ መካከል ላይ፣ የንስሐ አባታቸው መምሬ ይርጋ መስቀላቸውን ይዘው በቀኝ፣ ሌሎቹ ጎረቤቶች ግራና ቀኝ፣ ሁሉም ጋቢያቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ብርነሽ ስልኩን በርጩማ ላይ፣ የድንች ጆንያ አስደግፋ ከፊታቸው አቆመችው። ሁሉም በስክሪኑ ውስጥ እንዲታዩ አንዱን ወደ ውስጥ ገፋ፣ ሌላውን ጠጋ አደረገች። ልክ እንደ ፎቶ ቤት።

«ሲጠራ አረንጓዴዋን ይንኩ» አለቻቸው አያ ሙላቴን። «እኔም እዚሁ ነኝ።»

ዘምዘም በመልእክት «ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ደረስኩ» ብላለች። የቀረ ነገር አልነበረም። ብርነሽ በጥቁር ልብሷ፣ ሻሽ ሳትጠመጥም፣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዛሬ መዋሸት አልቋል።

በዚህ መካከል ከአጥሩ ውጭ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ማንጎራጎር ጀመረች። ሰብለ ገና ሳይነገራት ልቅሶ ከተሰማ ሁሉ ነገር ገደል ሊገባ ነው ብላ ብርነሽ እየሮጠች ወጣች። «እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ፣ ትንሽ ብቻ» እያለች የሴቶቹን አፍ በእጇ ስትከድን ስልኩ ጠራ።

አያ ሙላቴ በዕድሜያቸው የታዘዙትን ያላደረሱበት ጊዜ የለም። ሲጠራ ንኩ ተብለዋል፤ ነኩ።

የደወለችው ግን ዘምዘም አልነበረችም። ሰብለወንጌል ራሷ ናት። አሠሪዎቿ አርፍደው በሚነሡበት በዓርብ ጠዋት እሷ ትንሽ ትተነፍሳለች፤ ስትተነፍስ ደግሞ ወደ ቤቷ ትደውላለች። ስንት ዓመት ኩዌት የኖረችው ብርነሽ ይህን ልታስበው ይገባ ነበር። እሷም ያኔ ሳምንቱን ሙሉ ዓርብን ስትጠብቅ ነበር የምትውለው። አላሰበችውም፤ በቃ።

ክፉ ዕድል ሆኖ ኔትወርኩ ያን ጠዋት ትንሽ እንኳ አልተንተባተበም። የሰብለወንጌል ፊት ጥርት ብሎ መጣ፤ ጉንጯ ላይ የተነካካው ዱቄት ሳይቀር ይታያል። ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ አየቻቸው። የተደረደረውን ጋቢ፣ መስቀሉን፣ አጎቷን፣ ከኋላቸው የንጋቱን ብርሃን።

«አያ ሙላቴ?» አለች ቀስ ብላ። «ምን ሆናችሁ ነው በጠዋቱ?»

ስንቱን ቤት ያስለቀሰ አንደበት ተያዘ። አያ ሙላቴ የተዘጋጁት ዘምዘም ካቀፈቻት በኋላ ሊናገሩ ነበር፤ ዘምዘም ደግሞ አልደረሰችም። መምሬ ይርጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እማዬ ናት? ... እማዬ የት አለች? አያ፣ እማዬን ጥሯት!»

ብርነሽ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ገብታ ሽማግሌዎቹን ገፍታ ስልኩን ያዘች። «ሰብልዬ፣ ስሚኝ፣ እማዬ እኮ ጠበል...» ብላ ጀመረች። ስትጀምር ራሷን ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ በትንሿ ሳጥን ውስጥ አየች፦ ጥቁር ልብስ፣ የተሸለተ ራስ፣ በልቅሶ ያበጠ ፊት። እህቷም የምታየው ያንኑ ነው።

ሰብለወንጌል ጮኸች። ስልኩ ከእጇ ወድቆ የኩሽናውን ጣሪያ ብቻ ያሳይ ጀመር፤ ነጭ ጣሪያና መሐሉ ላይ የበራ መብራት። ደረቷን ስትመታ ይሰማል። «እማዬ! ሳላይሽ! ሳላይሽ!» ስትል ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ በርጩማው ዘርግተው፣ አንድ ጣሪያ ያያሉ። «ያዟት! ኧረ ያዟት!» አሉ አያ ሙላቴ። ለማን እንደሚናገሩ አላወቁም።

ከዚያ ኮቴ መጣ። አንዲት ሴት በዓረብኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ አልተቆጣችም፣ ከእንቅልፏ የነቃች ሰው ድምፅ ነው። ጥላ ጣሪያውን ሸፈነው፤ ስልኩ ተዘጋ።

ብርነሽ ደጋግማ ደወለች። የሚያነሣ የለም። ወዲያው ስልኩ በእጇ ላይ ጠራ፤ ዘምዘም ናት። ብርነሽ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«በሩ ላይ ነኝ፣ ብርኔ» አለች ዘምዘም እያለከለከች። «ወላሂ መንገዱ ተዘጋግቶብኝ ነው። እንዴት ብዬ ልጀምርላት?»

«ሰምታለች። ግቢ ብቻ፣ ዘምዬ፤ ግቢና እቀፊያት።»

የበሩ ደወል ሲጮኽ ተሰማት። ደግሞ ጮኸ። ቆይቶ ከበሩ ላይ ካለች ድምፅ ማጉያ አንድ ሰው በዓረብኛ መለሰ፤ ዘምዘም ለመነች፣ ምላ ተገዘተች፣ እህቷ ነኝ አለች። ብርነሽ ዓረብኛውን ሁሉንም ሰማችው፤ ዘምዘም ግን በስልኩ በደንብ ያልተሰማት መስሏት ተረጎመችላት።

«ሥራ ላይ ናት አሉኝ» አለች እያለቀሰች። «ቁርስ እያቀረበች ነው፤ ማታ ነይ አሉኝ።»

ብርነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ሽማግሌዎቹ ፊቷን ፊቷን ያያሉ። አያ ሙላቴ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ነክቷል።

«ደረሰች ልጅቷ?» አሏት። «ሰው ይዟታል?»

«ደርሳለች፣ አያ» አለች ብርነሽ። «ዘምዘም አቅፋታለች።»

«ተመስገን» አሉና አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ብርነሽም ወጥታ በአጥሩ ላይ ለሴቶቹ አሁን ማልቀስ ትችላላችሁ አለቻቸው።