ስፖኪዮ የሌለው ሞተር

ተማሪዎቼ ከኋላዬ ሲያሙኝ «ስፖኪዮ» ነው የሚሉኝ። የማላውቅ ይመስላቸዋል። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ተማሪው መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ አንገቱን እንደ ምሰሶ አድርቆ ሲነዳ ከጎኑ ተቀምጬ «ስፖኪዮ!» ብዬ እጮሃለሁ። ሲታጠፍ «ስፖኪዮ!»፣ ሲቆም «ስፖኪዮ!»፣ አንዳንዴ ሲያስነጥሰውም «ስፖኪዮ!»። እግሬ ደግሞ በእኔ በኩል ካለችው ከሁለተኛዋ ፍሬን ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ሌላው ይነዳል፣ እኔ አቆማለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ማቆም ሰለቸኝ።

ወደ ሥራ የምመላለስባት ሞተር አለችኝ። ትንሽ አይደለችም፤ ትራፊክ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ ሞተሯን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ እንደገና ሞተሯን ያያል። ከከተማው ወጣ ብሎ የውድድር ትራክ አለ። ውድድር በሌለ ቀን መንጃ ፈቃድና ጤነኛ ሞተር ላለው ሁሉ ይከፈታል። እግረኛ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ከፊት የሚመጣ የለ፤ ጉልበትህ የፈቀደውን ያህል መንዳት ነው። ሄጄ ተመዘገብኩ። እችለው ይሆን ብዬ አንድ ቀንም አላሰብኩም። ጥሩ ነጂ ነኝ። የሚያውቁትን አውቃለሁ ማለት ጉራ ከሆነ ይሁን፣ ጉረኛ ነኝ።

ያስቸገረኝ ልብሱ ነበር። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ወፍራም ቆዳ ያልለበሰ ሰው ትራኩ ውስጥ አይገባም። እዚያው የሚያከራዩትን ሄጄ ለካሁት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው፣ ዳሌው ላይ ደግሞ ዚፑ አልዘጋም አለ፤ ሽታው የስንት ሰው ላብ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። ቤት ስመለስ ባሌ ወርክሾፑ ውስጥ ደንበኞቹን ያስተናግድ ነበር። ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ቆዳ ሰፊ አግብቼ የሰው ላብ አልለብስም፤ አንተ ነህ የምትሰፋልኝ» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ደንበኞቹ አጨበጨቡ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ቀስ ብሎ «እኔ የሶፋ ሰው ነኝ» አለኝ። «ሶፋ ተቀምጦ ነው የሚኖረው። ሶፋ አይወድቅም።»

«እኔም አልወድቅም።»

«የወደቀ ሁሉ እንደዚህ ብሎ ነው ከቤቱ የወጣው።»

ቢሆንም ጀመረው። ሊጠግነው ባመጣው ሶፋ ክንድ ላይ እንደ ሞተር አስቀመጠኝና «ጎንበስ በይ፣ ክንድሽን ዘርጊ፣ አትተንፍሺ» እያለ በጠመኔ ለካኝ። ቀኑ ቀርቦ ስለነበር እያጣደፍኩት ነው የሰፋው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ ያጉረመርማል፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ልብሱ ሲያልቅ ግን አፌን ነው ያስያዘኝ። ጥቁር ሆኖ፣ በትከሻው፣ በክንዱና በጭኑ በኩል በየስፌቱ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የጠርዝ ገመድ ይወርድበታል። ያንን ገመድ ሶፋዎቹ ላይ ሁሉ ያደርገዋል፤ ገመድ የሌለው ስፌት ለእሱ እርቃኑን የቆመ ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ባሌ የጨረሰው ሶፋ ላይ ሁሉ ከመቀመጫው ሥር በቀይ ክር ሦስት ጥልፍ ይጥላል። ስሙ መሆኗ ነው። ሶፋው ካልተገለበጠ በቀር ማንም አያያትም። አሮጌ ሶፋ ለጥገና ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው መገልበጥ ነው፤ ክሯን ካገኘ ልጁ ከሩቅ አገር እንደመጣለት አባት ፊቱ ይበራል። ልብሴን ገልብጬ፣ አንገቱንና እጅጌውን ሁሉ ፈተሽኩ።

«ቀይ ክርህ የታለ?»

ወለሉ ላይ የወዳደቀውን ክር መልቀም ጀመረ። «የማላምንበት ላይ ስሜን አልጠልፍም።»

«ምኑን ነው የማታምነው?»

«እጄን» አለ። «ሶፋ ቢቀደድብኝ ሰው ይሳደባል፣ አርመዋለሁ። ይሄ ቢቀደድ ሥሩ ያለሽው አንቺ ነሽ። የሚያከራዩትን ልበሺ በቃ።»

አንጀቴን በላው፤ አናደደኝም። እኔ እዚያ ስዞር እሱ እቤት ተቀምጦ በገዛ ስፌቱ ፍርሃት ሊያልቅ ነው። የተከራየሁትን ብለብስ ደግሞ በእጁ ላይ የፈረድኩበት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሶፋ ሲሰፋ እንኳ ያስታውሰዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትራኩ ነገር ከሐሳቤ ወጣና ያቺ ቀይ ክር ገባች። ክሯ ልብሱ ላይ ካልዋለች እኔም እዚያ ትራክ ላይ አልውልም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

«እሺ፣ እንፈትነው» አልኩት።

እሑድ ጠዋት ልብሱን በሶፋ ስፖንጅ ጠቀጠቅነው፤ ሆዱ ውስጥ ሁለት ጆንያ አሸዋ ጨመርን። አንገቱ ላይ አሮጌ ሄልሜቴን አሰርኩለት። ቆም ብዬ ሳየው እኔን ቁጭ ነው፣ እንዲያውም ወገቡ ከእኔ ይሻላል። ከወርክሾፑ ጀርባ እሑድ እሑድ ሰው የማያልፍበት ረጅም አስፋልት አለ። አሻንጉሊቷን በገመድ ከፒክአፓችን ኋላ አሰርናት። እሱ መሪ ጨበጠ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ እግሬ በልማዱ የሌለች ፍሬን ይፈልጋል።

ፍጥነት ሲይዝ «ስፖኪዮ እይ!» አልኩት።

አየ። በስፖኪዮው ውስጥ ሚስቱ አስፋልት ላይ ትንከባለላለች። ዐመዱ ቡን አለ። «አቁም» ብለው አይሰማም፣ እግሩ ነዳጁ ላይ ደርቆ ቀረ። በዚህ መሐል ከመንገዱ ዳር «ኡኡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አማቴ ናቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው የጠዋት እግር ጉዟቸውን እያደረጉ ነበር።

«ኡኡ! የሰው ያለህ! ልጄ ሚስቱን ጎትቶ ገደላት!»

መኪናው ቆመ። በሩን ከፍቼ ወረድኩና «እማማ፣ አይጩኹ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አልኳቸው። እኔን አዩኝ። መሬት የተዘረረችውን አዩ። እንደገና እኔን አዩኝ። ከዚያ በጃንጥላው ትከሻዬን አሉኝ።

«አንዷን መቼ ቻልንና ነው ሁለት የሆንሽው!»

ባሌ ግን አልሳቀም። አሻንጉሊቷ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ድረስ ስፌቱ ተተርትሮ ስፖንጁ ወጥቷል። «ይኸው» አለኝ። «ይሄ እግርሽ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። እኔም፣ አልዋሽም፣ እኔም ልወድቅ እንደምችል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ያዳኑን አማቴ ናቸው። እያለከለኩ ቀረቡና የተተረተረውን በጃንጥላቸው ጫፍ ነካኩት።

«ለመሆኑ ይህን ገመድ ምን ይሁን ብለህ ነው ዙሪያዋን ያሰርክባት? ሴትዮዋ ወንበር ናት?»

ባሌ ቀና አለ። ከዚያ ልብሱን ያገላብጥ ጀመር፤ ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ጀርባውን። ቆዳው ተፋቀ እንጂ አልተቀደደም። ብብቱ ሥርና እግሮቹ መሐል ገመድ የማይገባበት ስፌት አለ፤ እሱ አንድም ቦታ አልተፈታም። የተፈታው ሁሉ ገመዱ ጎልቶ የወጣበት ነው። አስፋልቱ ጌጡን ጨብጦ ነው ስፌቱን የተረተረው። ሶፋን መሬት ላይ የጎተተ ሰው ስለሌለ ይህን የነገረው አልነበረም።

«ገመዱ ነው» አለ ለራሱ። «እጄ አይደለም። ገመዱ ነው።»

«ታዲያ አውልቀዋ!» አሉ እናቱ። «ለዚህ ነው እኔን በጠዋቱ ልትገድለኝ የነበረው?»

ልብሱን ሙሉ በሙሉ ፈታው። ገመዱን አወለቀ፣ ስፌቱን ወደ ውስጥ አጠፈው፣ በላዩ ሌላ ቆዳ ደረበበት፣ ደግሞ ሰፋው። በዚህ ጊዜ አላጣደፍኩትም። እኔ ሞተሬን ይዤ ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። የፍሬን ሸራ ቀየርኩ፣ ካቴናውን አጥብቄ ዘይት ቀባሁ፣ የራዲያተሩን ፈሳሽ አፍስሼ ንጹሕ ውሃ ሞላሁ፤ ያኛው ትራኩ ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታልና አይፈቀድም። መብራቱንና ፍሬቻውን ቢሰበር እንዳይበተን በፕላስተር ሸፈንኩት። የመጨረሻው ስፖኪዮ ነበር። ደንቡ ይወለቅ ይላል፤ እዚያ ከኋላ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው፣ የፊተኛው ፊቱን ብቻ ያያል። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አስገብቼ ትንሽ ቆየሁ። ባሌ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ስፖኪዮ ስፖኪዮዋን ፈታች! ጎረቤት ይስማ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሲስቅ ከሰማሁት ሰንብቶ ስለነበር ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፒክአፑ ኋላ ላይ ገመዱ እንደታሰረ አገኘሁት። ልብሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ትከሻው ላይ አዲስ ጭረት አለ። ብቻውን ወስዶ ጎትቶታል ማለት ነው። አልጠየቅኩትም፣ አልነገረኝም። እሱ ሲወጣ ግን ልብሱን አውርጄ ገለበጥኩት። አንገቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ፣ እጅጌው ውስጥ፣ ኪሱ ውስጥ፣ በጣቴ እየዳሰስኩ ፈለግኩ። ቀይ ክር የለም። መልሼ ሰቀልኩትና ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጠብኩ። የማልኩትን መሐላ አስታወስኩ። ከዚያ ደግሞ «እስከዚያው ቀን ጊዜ አለው» ብዬ ለራሴ ምሕረት አደረግኩ።

ቀኑ ደረሰ፤ ልብሱን ስለብስ ውስጡን ደግሜ ዳሰስኩ፣ ክሯ አልመጣችም። ሞተሯን ፒክአፑ ላይ ጭነን ሄድን። አማቴም ተጣጣፊ ወንበራቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው መሐል ተቀመጡ፤ «ሁለት ከሆነች አንዷን የሚቆጥር ያስፈልጋል» ብለው። እኔ በልቤ ነገሩን ቆርጬዋለሁ፤ ፍተሻው ጋ ስንደርስ «በእጅህ ካላመንክ ዛሬ ሞተሯን ሳላወርድ እንመለስ» ልለው ነው። ትምክህተኛ ነኝ፣ ግን እሱን አስፈርቼ የምነዳው መንዳት አያኮራኝም።

ፈታሹ ግን ፋታ አልሰጠኝም። ገና ከመኪናው ስወርድ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው መጣና ሞተሯ መኪናው ላይ እንዳለች ዞራት፤ ፍሬኑን ጨበጠ፣ ካቴናውን ነካ፣ ፕላስተሩን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዚፑን ሳበ፣ የክንዴን ስፌት በሁለት ጣቱ ለመለያየት ሞከረ፤ አልተለያየም።

«ይዙሩልኝ እህቴ።»

ዞርኩ። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ ቀይ ነገር ምንድን ነው? ስፌቱ ተፈቶ ነው እንዴ ክር የወጣው?»

«የት?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና... ከመቀመጫዎ ሥር።»

አንገቴን አዞርኩ፣ አይታየኝም። ወገቤን ጠመዘዝኩ፣ አይታየኝም። ሰውን ሁሉ ኋላህን እይ እያልኩ የኖርኩ ሴት የገዛ ኋላዬን ማየት አቃተኝ። ሮጥኩና የፒክአፑ ስፖኪዮ ፊት ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። እዚያ የነበረ ነጂ ሁሉ ቆሞ ያየኛል፤ ይይ። ጥቁሩ ቆዳ ላይ፣ ከመቀመጫዬ ሥር፣ ሞተር ላይ ጎንበስ ስል ከኮርቻው ተነሥቶ ለኋላ ሰው በሚታይበት፣ ሦስት ጥልፍ ቀይ ክር።

ባሌ ሞተሯ የታሰረችበትን ገመድ የሚፈታ መስሎ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጆሮው ቀልቷል።

«አንተ! መቼ ነው ይሄ?»

«ትናንት» አለ ሳይዞር። «ለሦስተኛ ጊዜ ከጎተትኩት በኋላ።»

«ውስጥ ውስጡን ስፈልግ እኮ ነው የከረምኩት!»

«ለምን ውስጥ አደርገዋለሁ? ሁልጊዜ የማደርግበት ነው ያደረግኩት። ከመቀመጫ ሥር።»

«ወንበር ናት አላልኩም?» አሉ አማቴ ወንበራቸውን እየዘረጉ።

ሄልሜቴን ቶሎ አጠለቅኩ፤ ዕንባዬን ማንም እንዳያይብኝ ነው። ፈታሹ የማለፊያ ምልክት ሄልሜቴ ላይ ለጠፈና «ይለፉ» አለኝ። ባሌ ሞተሯን አወረደልኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ አዲስ ሶፋ ሸጦ ከበር ሲሸኝ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

መግቢያው ላይ ተሰለፍን። ዓይኔ በልማዱ ወደ ግራ ሄደ፤ ስፖኪዮ የለም። ወደ ቀኝ ሄደ፤ የለም። ከኋላዬ የሞተሮቹ ድምፅ ይሰማኛል፣ ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ግን ሁሉም ምን እያዩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ሆኜ ወጣሁ።

የባሌ ስም ሶፋው ካልተገለበጠ አይታይም። ያን ቀን ሳልገለበጥ እስከ ማታ ታየ።