የተደገመው ቃል

አንዲት ልጅ ከእናቷ መልስ ሳታገኝ ስንት ጠዋት ትችላለች? እኔ እንጃ።

ልጄ ነርስ ናት፤ አዳሯ ሥራ ላይ ነው። እሷ ጠዋት ቤት ስትገባ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሄዳለች፤ ልጅቷ ስትመለስ ደግሞ እሷ ሥራ ወጥታለች። የሚያገናኛቸው ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብተር ብቻ ነው፤ በኤስ የሚጀምር፣ አምስት ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ቃል በየተራ ይጽፉበታል። ቃል የደገመ፣ ጨዋታው በቃኝ ማለቱ ነው።

ሰሞኑን ልጄ ስድስት ቀን ሳትጽፍ ቀረች።

«እማማ፣ እናቴ ረሳችኝ እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ ትናንት።

«ድካም ጥሏት ነው፣ የኔ እናት። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እኮ ነው የምትተኛው።»

አንጀቴ አልችል ቢል፣ ዛሬ ማልጄ ተነሥቼ የልጄን እጅ ጽሕፈት አስመስዬ «ስፑን» ብዬ ጻፍኩ። ማንኪያ ማለት እንደሆነ ከድሮ ትምህርቴ አስታውሳለሁ። መነጽሬን ለመፈለግ ሰንፌ ያለፉትን ገጾች ግን አላነበብኩም።

ልጅቷ ስታየው ፊቷ በራ። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች። «ስፑን» እዚያም አለ፤ እናቷ ባለፈው ወር ጽፋዋለች።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ማታለሌን ስታውቅ እንዳይብስባት ፈርቼ ግን ተውኩት።

ደብተሩን ዘጋችው፤ ቦርሳዋን አነገተችና ወጣች።