ለማንም አይንገሩ

«መልእክቱ ለማንም አይንገሩ ይላል» አለች እናቱ በስልክ። «ለማንም ማለት ለማንም ነው።»

የመጋዘኑ ሠራተኛ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ከመስኮቱ ውጭ ኦክስጅን የጫነው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ሆስፒታሉም ከጠዋት ጀምሮ ይደውላል። ዘበኛው ያለ መውጫ ወረቀት በሩን አይከፍትም፤ ወረቀቱን የሚያወጣው ደግሞ ይኼ ኮምፒውተር ነው። የይለፍ ቃሉን ውጦ አልጠገበም፤ በስልክ የላክሁልህን ቁጥር አምጣ ይላል።

የሚልከው ለእናቱ ነው። የስልክ ቁጥር ምዝገባ በመጣ ጊዜ የራሱ ስልክ ተሰብሮ ስለነበር «ለጊዜው» ብሎ የእሷን አስገባ። ጊዜውም ዓመት ሆነ። አሮጌው ኮምፒውተር ለምዶት ዝም ይለው ነበር፤ ዛሬ የተተከለው አዲሱ ግን አላውቅህም አለ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። ድምፄን አጣሽው?»

«ድምፅ ምኑ ይታመናል? ባለፈው ዳኛ ነኝ ብሎ ዶሮዬን ለምስክርነት የጠራት ማን ነበር? እግሯን አስሬ ስጠብቅ ዋልኩ።»

ከኋላው የቆመው አለቃ ሳቁን ዋጠ። መጋዘኑ ውስጥ ሠራተኛውን «ቀደዳ» ነው የሚሉት፤ የሌለ ወሬ ስለሚፈጥር። ዝሆን አዝሎ ወንዝ መሻገሩን፣ ዝሆኑም መሀል ላይ ሲደርሱ «ከከበድኩህ ንገረኝ» ማለቱን አውርቶላቸዋል። ዛሬ እውነት ቢናገር የሚያምነው አጣ።

የቁጥሩ ጊዜ አለፈ። እንደገና አስላከ።

«ይኸው፣ ሌላ ጨመሩ» አለች። «ሌባው ተስፋ አይቆርጥም ማለት ነው።»

«የኮምፒውተር ክፍሉስ?» አለ አለቃው።

«አያነሱም። ተተኪዬም ወሊድ ላይ ናት።» ወደ ስልኩ ተመለሰ። «እማ፣ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ተኝቷል። ልጅሽ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቂኝና ይለቅ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባትህ ሊሞት ሲል እኔን ውሃ አምጪ ብሎ አስወጣኝ። አንተን አስቀረህ። ምን አለህ?»

ከዚህ ጥያቄ ስንቴ በቀልድ አምልጧል፤ አንዴማ የተቀበረ ወርቅ ነገረኝ ብሎ ጓሮዋን አስቆፍሯታል።

«መልሱን አታውቂውም እኮ። እውነት መሆኑን በምን ትለያለሽ?»

«ሲነገረኝ አውቀዋለሁ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አለቃው ቀስ ብሎ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋ። ሠራተኛው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሚቀድደው ነገር ፈለገ፤ ምላሱ ላይ አንድም አልነበረም።

«እማዬ» አለ፣ «ተቀምጠሻል?»

«ቆሜ እሰማዋለሁ።»