የዙሪያው መንገድ

በቅሎዋ የተከለለው ሜዳ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ማንም ሳያዛት ቆመች። በዱላ ጫፍ የታሰረው የሣር እስር እንደተተከለ ነው፤ መሬቱ እስኪጠጥር፣ ሣሩም ዘሩን እስኪጥል ሰውም ከብትም አይለፍ ማለት ነው። የፎገራ መሬት እርጥብ ሳለ ከተረገጠ ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል፤ በበጋ ከብቱ የሚበላው ያጣል።

በሜዳው ቢያቋርጡ ቤታቸው ወረታ ሁለት ሰዓት ነው። በዙሪያ፣ በተራራው ሥር በድንጋዩ፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሙህዲን በቅሎዋ ላይ የተቀመጠችውን ሚስቱን ሰኪናን ቀና ብሎ አየ። ሦስት ዓመት ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ተቀምጣ ስትሰግድ ኖራለች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰባት ቀን ተነክራ ትናንት ግንባሯ መሬት ነካ። ሙህዲን እንባው መጥቶበት ፊቱን አዙሮ ነበር።

«አንድ ቀን ብናልፍበት ምን አለ?» አለች።

«ካሴን ጠይቄው የለም እንዴ?»

ካሴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የሙህዲንም የሃያ ዓመት ወዳጅ ነው። ወደ ወንዛዬ ከመሄዳቸው በፊት ቤቱ ድረስ ሄዶ ለምኖት፣ «ለአንድ ሰው ከተከፈተ ለሁሉም ተከፈተ። ለናቴም አልፈቅድ» ብሎታል። ሙህዲን አልተቀየመም፤ እንዲያውም ኮራበት። እሱ ራሱ ነጋዴውን ሁሉ አህያህን በዙሪያ ንዳ እያለ ሲለምን የኖረ፣ ወንዛዬም ሲወርድ ዛፍ ላለመቁረጥ ኩበቱን ከቤቱ ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው። ነጋዴዎቹ «የሣር ጠበቃ» እያሉ ይስቁበታል። ምክሩን የሰማው አማን የሚባለው ወጣት ጨው ነጋዴ ብቻ ነው።

በዙሪያ ሄዱ።

ከቀትር በኋላ በቅሎዋን ድንጋይ ከዳት። ሰኪና በዚያው በጉልበቷ ወደቀች። አልጮኸችም፤ ከንፈሯን ነክሳ እግሯን ለማጠፍ ሞከረች፣ እምቢ አላት።

«ሰባቱ ቀን ሄደ» አለች።

ያን ጊዜ ከታች፣ ከተከለለው ሜዳ መሃል፣ የሞተር ድምፅ ተሰማ። የጭነት መኪና ጭቃውን እየገለበጠ ይመጣል። ሙህዲን የማን ነው አላለም፤ ጋቢውን እያውለበለበ ቁልቁል ሮጠ። መኪናው ቆመ። ከሾፌሩ አጠገብ ካሴ ወረደ።

ከኋላ ከወንዛዬ የሚመለሱ ሹሞች ፎጣ በአንገታቸው ጠምጥመው አዲስ በተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ጎማው የቀደደው ቦይ ውኃ ማቆር ጀምሯል።

«መንገድ አሳየን አሉኝ» አለ ካሴ መሬት መሬት እያየ። «እነሱን ማን ይከለክላል?»

«እኔንስ?»

«አንተማ...» ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «አንተማ ሲከለክሉህ እሺ ትላለህ።»

ሙህዲን ገባው። ሃያ ዓመት የታመነ ወዳጅ የሆነ መስሎት የኖረው፣ ለካስ የሚከለከል ሰው ሆኖ ነው። ሊሰድበው አፉን ከፈተ። ሽቅብ ሲያይ ግን ሰኪና ጉልበቷን አቅፋ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ስድቡን ትቶ ወደ እሷ ወጣ።

ተሸክሟት ወረደ። ካሴ ሊያግዘው ሲጠጋ በትከሻው ገፍቶት፣ ካሴ ከተነሣበት ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«አንተስ?» አለች እጁን ይዛ።

«በቅሎዋን ይዤ እደርሳለሁ።»

«በጎማው ቦይ ተከተለን እንጂ» አለ ካሴ። «እንግዲህ አንዴ ተከፍቷል።»

ሙህዲን ወደ ድንጋዩ ወጣ፣ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ፣ ዙሪያውን ቀጠለ። ብዙም ሳይርቅ ጨው የጫኑ አህዮች ከፊት ለፊቱ መጡ። የሚነዳቸው አማን ነው፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ጋሼ ሙህዲን፣ መኪና በሜዳው ሲያልፍ አየሁ ልበል? ተከፍቷል እንዴ?»

ሙህዲን ቁልቁል አየ። መኪናው ሣሩን እየገለበጠ ይርቃል፤ በመስኮቱ የሰኪና ሻሽ ይታያል። አልተከፈተም ሊል ፈለገ፤ የገዛ ሚስቱ ግን በዚያው ሜዳ እያለፈች ነው። አማን አህዮቹን አቁሞ መልሱን ይጠብቃል።